ኮሶ እንኳ በልክ ነበር

«መራራ ነገር ሁሉ መድኃኒት ነው» ይላል የጁስ ቤቱ ልጅ፣ አረንጓዴ አረፋ የደፈቀበትን ብርጭቆ ወደ ደንበኛው እየገፋ።

መርዝም መራራ ነው፣ ወንድሜ! የሰው አፍ መራራን የሚለይባቸው ተቀባዮች ወደ 25 ዓይነት ይደርሳሉ፤ ለጣፋጭ ግን አንድ ዓይነት በቅቶታል። ይህ ሁሉ ዘበኛ በር ላይ የቆመው በከንቱ አይደለም። ቅጠል እግር የለው፣ ፍየል ስትመጣበት አይሮጥ፤ መከላከያው መምረሩ ነው። «ተወኝ» እያለህ ነው። አንተ «ተወኝ» ያለህን ቀንጥሰህ፣ በሚክሰር አድቅቀህ፣ ዝንጅብልና ሎሚ ጨምረህ «ስኳርን ከነሰንኮፉ ይነቅላል» ትላለህ። ከነሰንኮፉ የሚወጣ እባጭ ነው። ስኳር በሽታ የቆሽትና የኢንሱሊን ጉዳይ ነው፤ ሰንኮፍ የለውም።

«ተፈጥሮ ሰው አይጎዳም።»

እፉኝትም ተፈጥሮ ናት።

«እሷ እንስሳ ናት፤ እኔ የማወራው ስለ ቅጠል ነው።»

እሺ፣ ስለ ቅጠል እናውራ። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በሰሜን ምዕራብ ትግራይ፣ ታሕታይ ቆራሮ ወረዳ ውስጥ የገበሬው ሆድ በውኃ እየተነፋ፣ ጉበቱ እየተጎዳ፣ ከአንድ ቤት ከአንድ በላይ ሰው እየታመመ ሲሞት መንስኤው ለዓመታት ግራ አጋባ። ምርምሩ በመጨረሻ ያረፈው ከእህል ጋር ተቀላቅሎ በሚገባ አንድ አረም ላይ ነው። ጉበት የሚመርዝ ንጥረ ነገር የያዘ፣ ሜዳ ላይ ራሱ የበቀለ፣ ማዳበሪያ ያልነካው፣ ከእግር እስከ ራሱ ተፈጥሮ የሆነ አረም። እነዚያ ሰዎች ጨምቀው አልጠጡትም፤ ከእህላቸው ጋር ተፈጭቶ በጥቂት በጥቂቱ ነው ሆዳቸው የገባው፣ ያውም ሳያውቁት። አንተ ግን ስሙን በቅጡ የማታውቀውን ቅጠል ወደህና ፈቅደህ በብርጭቆ ትሞላለህ።

«እንዶድ አያቶቻችንን ስንት ዘመን አገልግሏል!»

አዎ፣ ለልብስ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ወንዝ ዳር ቆመው ሲመለከቱ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ለዚህ ሥራ እርሳቸውና ዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ልብ በል፦ ያ ታላቅ ግኝት የተገኘው እንዶድ ስለሚገድል ነው። ወንዝ ውስጥ ቀጥኖ እንኳ ቀንድ አውጣ የጨረሰ አረፋ፣ ሆድ ውስጥ ሲገባ ለአንጀትህ አያዝንም። «ሆድ ይጠርጋል»፣ «ጽንስ ያወርዳል» እየተባለ ተጠጥቶ ሕይወት ያስከፈለ ተክል ነው።

«ግራዋስ? ቺምፓንዚ እንኳ ሲታመም በግራዋ ይታከማል!» አለች አንዲት እህት፣ በስልኳ ያየችውን ቪዲዮ ልታሳየኝ እየፈለገች።

እውነትሽን ነው እህቴ፤ ግን ታሪኩን እስከ ጫፉ ስሚው። እ.ኤ.አ. በ1987 በታንዛኒያ፣ ታንጋኒካ ሐይቅ ዳር ባለው የማሀሌ ተራራ፣ ማይክል ሃፍማን የተባለ ተመራማሪና የአገሩን የባህል መድኃኒት ጠንቅቆ የሚያውቀው መሐመዲ ሴይፉ አንዲት የታመመች ቺምፓንዚ ይከተላሉ። ፈዛለች፤ ጉልበት የላትም፤ ትተኛለች። ተነሥታ ወደ አንድ ቁጥቋጦ ሄደች። ቁጥቋጦው የእኛው ግራዋ ነው። ቅርንጫፍ ሰብራ ቅጠሉን ጣለችው። ልጡን ላጠችው። ከዚያ የውስጡን ለስላሳ ክፍል ብቻ እያኘከች ጭማቂውን መጠጠችና ቃጫውን ተፋችው። በማግሥቱ ተሻላት። ቅጠሉ ውስጥ ያለው መርዛማ ንጥረ ነገር ከውስጠኛው ክፍል ይልቅ እንደሚበረታ ሳይንቲስቶች በላቦራቶሪ ያረጋገጡት ከዚያ በኋላ ነው። እሷ የጣለችውን ነው አንቺ ሚክሰር ውስጥ የምትከችው። እሷ ስትታመም ነው የጠጣችው፤ አንቺ ሳትታመሚ በየማለዳው ትጠጫለሽ። ምስክር አድርገሽ የጠራሻት ቺምፓንዚ የመሰከረችው በአንቺው ላይ ነው።

ናይጄሪያ ውስጥ ኢግቦዎች ይህንኑ ቅጠል ወጥ አድርገው ይበሉታል። ግን አሽተው፣ በውኃ ደጋግመው አጥበው፣ ምሬቱን አስለቅቀው፣ ቀቅለው ነው። የእኛም ሴቶች ቢሆኑ ግራዋን ያውቁታል። ጠላ ጠማቂዋን አስቢያት። ጭብጥ ሙሉ ሻካራ ቅጠል ይዛ እጇን እስከ ክርኗ ጋኑ ውስጥ ትከታለች፤ ስትፈትገው አረንጓዴ አረፋ ይኩረፈረፋል፣ የቆየው የአተላ ሽታ ይለቃል። ከዚያ ውኃ ትጨምርና ታለቀልቃለች፣ ትደፋለች፤ እንደገና ታለቀልቃለች፣ ትደፋለች፤ የሚወርደው ውኃ ጠርቶ አረፋው እስኪጠፋ ድረስ። ለምን ይመስልሻል? ምሬቱ ጠላዋ ውስጥ እንዲቀር ስለማትፈልግ ነው። እሷ ከሸክላ ላይ እንኳ አጥባ የምትደፋውን አንቺ በባዶ ሆድሽ ላይ ታፈሺዋለሽ።

እዚህ ላይ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ጣልቃ ይገባሉ። «ልጄ፣ እኛ ኮሶ እየጠጣን ነው ያደግነው። ምን ሆንን?»

እትዬ፣ እርስዎ የሚሉት ልክ ነው፤ እኔም የምከራከረው በእርስዎ ወገን ሆኜ ነው። ኮሶ እንዴት ይጠጣ እንደነበር እርስዎ ራስዎ ይንገሯቸው። ጥሬ ሥጋ ያመጣው ትል እንዳለ ታውቆ ነው። የሴቴዋ ዛፍ አበባ ነው እንጂ ቅጠልና ቅርፊት እንዳገኙ አይደለም። ደርቆ፣ ተወቅጦ፣ ተለክቶ፣ በውኃ ወይም በጠላ ተበጥብጦ፣ ማለዳ በባዶ ሆድ ይጠጣል። የጠጣ ሰው ያን ቀን እንግዳ አይቀበልም፣ መንገድ አይሄድም፣ ሥራ አይሠራም፤ ቤተሰቡ ይጠብቀዋል። ትሉ ወጥቶ ሆዱ ሲረጋጋ ቀለል ያለ ነገር ይቀምሳል። ከዚያ ለሳምንታት አይነካውም። ጀምስ ብሩስ በ18ኛው ክፍለ ዘመን አገራችንን ሲጎበኝ ስለዚህ መድኃኒት ጽፎ፣ ዛፉንም አሥሎ ሄዷል። ለአንድ በሽታ፣ በአንድ ማለዳ፣ በአንድ ልክ። ከእናንተ መሀል ኮሶን «ለቆዳ ጥራት» ብሎ ከቁርስ ጋር በየቀኑ የጠጣ ነበር ወይ፣ እትዬ?

«ኧረ ምን በወጣን! ይገድላል እኮ።»

ይኸው! ቃሉ ከአፍዎ ወጣ። ያን ሁሉ ጥንቃቄ ይዞም ኮሶ ጉዳት አድርሷል። እ.ኤ.አ. በ1969 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጽሑፍ በኮሶ መመረዝ ዓይናቸው ስለተጎዳ ሰዎች ይናገራል። በመጠን ይጠጣ የነበረው ኮሶ ዓይን ካጠፋ፣ መጠኑ የማይታወቀው ጁስ ምን ያደርግ?

የኮሶን ነገር ካነሣን አይቀር፣ በዚህ አገር ታሪክ ከተሰነዘሩ ተረቦች ሁሉ የከበደው በኮሶ የተመለሰው ነው። ዳግማዊ ቴዎድሮስ ገና ካሳ በነበሩበት ጊዜ ጠላቶቻቸው «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ ይሰድቧቸው ነበር። ደጃዝማች ወንድይራድ ያን የኮሶ ሻጭ ልጅ ይዤ አመጣለሁ ብሎ ፎክሮ ዘመተ ይባላል። ተሸነፈ፤ ተማረከ። ካሳም እናቴ ዛሬ ገበያ አልቀናትምና የተረፋትን ኮሶ ብላ ብለው አስቀረቡለት ይባላል። ይህን ታሪክ የማነሣው ለጨዋታ ማሳመሪያ አይደለም። ካሳ ኮሶን ያቀረቡት ለቅጣት ነው። ባለኮሶዋ እናት ያሳደገችው ልጅ መራራ ነገር ያለ ልክ ሲሰጥ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል።

ደግሞ ማርከሻ የሚባል ነገር ነበር። እውነተኛው መድኃኒት አዋቂ ቅጠሉን ከመስጠቱ በፊት ማርከሻውን ያዘጋጃል። ከበረታበት ወተት፣ ቅቤ፣ ኑግ ወይም ተልባ፣ እንደ ቅጠሉ ዓይነት። ማን እንደጠጣ ያውቃል፤ ሲመሽ መጥቶ ያያል። ነፍሰ ጡር ከሆነች አይሰጥም፤ ሕፃን ከሆነ በጠብታ ነው። የጁስ ቤቱን ልጅ «ማርከሻው ምንድን ነው?» ብለህ ጠይቀው። «ስኳር ልጨምርልህ?» ይልሃል። የአባቶቼን ጥበብ ይዣለሁ የሚል ሰው ምሬቱን ወስዶ ልኩንና ማርከሻውን ከተወ የአባቶቹን ጥበብ አልያዘም፤ አደጋውን ብቻ ነው የያዘው።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ።

«የሐኪም ቤቱን ኬሚካል ትቼ ወደ ቅጠል ተመልሻለሁ» ይላል አንድ ወዳጃችን፣ ደረቱን ነፍቶ።

ከየትኛው ኬሚካል?

«ከሜትፎርሚን። የስኳር ክኒን።»

ሜትፎርሚን ከየት የመጣ መሰለህ? አውሮፓ ሜዳ ላይ የሚበቅል፣ ሐምራዊ አበባ ያለው፣ ጋሌጋ የሚባል ተክል አለ። ገበሬዎቹ ለብዙ ዓይነት ሕመም ይጠጡት ነበር። በጎች ግጠውት ይሞታሉ። ሳይንቲስቶች ሲመረምሩት የደም ስኳር የሚቀንስ ንጥረ ነገር አገኙበት፤ ግን መርዛማ ነው። ስለዚህ ጁሱን ለበሽተኛ አላጠጡትም። ዘመዱ የሆነና ለሰው የሚቻል ንጥረ ነገር ሠሩ፤ ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ስተርን በሰው ላይ ሞክሮ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1957 አሳተመ። ያ ነው አንተ «ኬሚካል» ብለህ መሳቢያ ውስጥ የወረወርከው። ከሜዳ ቅጠል ሸሽተህ ወደ ሜዳ ቅጠል ነው የሄድከው፤ የተመዘነውን ጥለህ ያልተመዘነውን አንሥተሃል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች። ክኒኑ ላይ 500 ሚሊግራም ተብሎ ተጽፏል። ብርጭቆህ ላይ ምን ተጽፏል? የዛሬው ቅጠል ከትናንቱ እኩል መሆኑን በምን ታውቃለህ? በክረምት የተቀነጠሰውና በበጋ የተቀነጠሰው፣ ለጋውና ያረጀው፣ የጉራጌው ግራዋና የጎጃሙ ግራዋ አንድ ልክ የላቸውም።

ኢንሱሊን የሚወጋ ሰውማ ከሆነ ይህን ዓረፍተ ነገር ደግሞ ደጋግሞ ያንብብልኝ፦ ሰውነቱ ኢንሱሊን ፈጽሞ የማያመርት ሰው መርፌውን ቢያቋርጥ በቀናት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ምንም ቅጠል፣ ምንም ጁስ በቦታው አይተካም። «ተውና ይህን ጠጣ» ያለ ሰው፣ ዘመድም ይሁን ጎረቤት፣ በሰው ነፍስ እየቀለደ ነው።

«ቻይናዎቹስ? በቅጠል ጁስ ኖቤል አልተሸለሙም?»

ተሸልመዋል፤ ጥሩ አነሣኸው። ጌ ሆንግ የሚባል የ4ኛው ክፍለ ዘመን ሐኪም አንድ ጭብጥ ቅጠል በውኃ ዘፍዝፈህ፣ ጨምቀህ፣ ጭማቂውን ለትኩሳት ጠጣ ብሎ ጽፏል። ቅጠሉ የእኛ ጭቁኝ ዘመድ ነው። ቱ ዩዩ ያን ጽሑፍ አንብባ ገባት፤ ሌሎቹ ቅጠሉን እያፈሉ ኃይሉን ሲያጠፉት እሷ በዝቅተኛ ሙቀት በኤተር አወጣችው። እ.ኤ.አ. በ1971 በእንስሳት ላይ ሠራ። በ1972 ለበሽተኛ ከመስጠቷ በፊት ራሷና የሥራ ባልደረቦቿ ጠጥተው ሞከሩት። የወባን መድኃኒት አርቴሚሲኒንን አገኘን፤ በ2015 ኖቤል ተሸለመች። ዛሬ ጋምቤላ ወይም መተማ በወባ የሚንቀጠቀጥ ልጅ የሚውጠው ክኒን የዚያ ጥያቄ ልጅ ነው። ታዲያ የዓለም ጤና ድርጅት ምን ይላል? የዚያን ተክል ቅጠል አፍልታችሁ ወይም ደረቁን ፈጭታችሁ ወባን አታክሙ ይላል፤ በውስጡ ያለው መድኃኒት አንዴ ያንሳል አንዴ ይበዛል፣ ሲያንስ ወባው ሳይሞት መድኃኒቱን ይለምዳል። ሴትዮዋ የተሸለመችው ጁስ ስለጠጣች አይደለም። ጁሱን ስለጠየቀችው ነው።

«የወፍ በሽታን ግን ሐኪም ቤት አያውቀውም። እሱ የቅጠል ነው።»

ያውቀዋል እንጂ! ዓይን ቢጫ የሚያደርገው አብዛኛውን ጊዜ የጉበት ሕመም ነው፤ መንስኤው ብዙ ነው፣ በምርመራ ይለያል። «ሄፓታይተስ ኤ» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ራሱ ይለቃል። በእነዚያ ሳምንታት ውስጥ ቅጠል የጠጣ «ቅጠሉ አዳነኝ» ይላል። ቆሎ ቢቆረጥምም ይድን ነበር። «ቢ» የሚባለው ግን ተደብቆ ኖሮ ከዓመታት በኋላ ጉበት ሊያደርቅ፣ ካንሰርም ሊያመጣ ይችላል። እሱን የሚከላከል ክትባት አለ፤ አገራችን እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ለሕፃናት ከሌሎች ክትባቶች ጋር ትሰጠዋለች። የታመመ ጉበት የሚገባውን መርዝ ሁሉ ማጣራት ያቃተው ጉበት ነው። እሱ ላይ ያልታወቀ መራራ ቅጠል መጨመር በሰው ቁስል እንጨት መስደድ ነው።

የእብድ ውሻ ነገር ደግሞ አለ። «መድኃኒቱን ጠጥቶ ዳነ» የሚባለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የነከሰው ውሻ እብድ አልነበረም፤ ወይም ቫይረሱ አልገባም ነበር። እብድ የሆነው ውሻ የነከሰውና ቅጠል ብቻ የጠጣው ሰው ታሪኩን ሊነግርህ አይመጣም። ምልክቱ አንዴ ከጀመረ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ በቀጥታ ክትባት ወደሚሰጥበት መሄድ። በዚህ ጉዳይ ከማንም ጋር አልስማማም፣ አልደራደርምም፤ ልጆች በየዓመቱ የሚሞቱበት ነገር ነው።

«እኔ እንኳ አልታመምኩም። ደም ለማጥራት ነው የምጠጣው።»

ሳይቸግር ጤፍ ብድር! ደምህን የሚያጠሩት ሁለቱ ኩላሊቶችህ ናቸው። በቀን ወደ 180 ሊትር ያጣራሉ፤ ጁስ አልጠየቁህም። ይልቅ በጁሱ ልትጎዳቸው ትችላለህ። ቆስጣ ኦክሳሌት የሚባል ንጥረ ነገር በብዛት አለው። እናትህ ቀቅላ ውኃውን ስትደፋው ብዙው አብሮ ይሄዳል፤ አንተ ጥሬውን አንድ እቅፍ በአንድ ብርጭቆ ስትጨምቀው ጫናው ኩላሊትህ ላይ ይወርዳል። በእንዲህ ያለ የአረንጓዴ ጁስ «ጽዳት» ኩላሊታቸው የወደቀ ሰዎች በሕክምና መጽሔቶች ተመዝግበዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 ህንድ ውስጥ አንድ ሳይንቲስት መራራ የቅል ጭማቂ ጠጥተው ሞቱ፤ እኛ ወተት የምንንጥበትና ውኃ የምንቀዳበት ያው ቅል ነው። የህንድ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት ጉዳዩን የሚያጣራ ኮሚቴ አቋቁሞ የመጣው ምክር አጭር ነበር፦ መራራ ከሆነ አትጠጡ። እዚያ ምሬቱ ማስጠንቀቂያ ነው፤ እዚህ ማስታወቂያ ሆኗል።

የልብ ቫልቭ ተቀይሮለት ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ደግሞ ስማኝ፤ በአገራችን ብዙ ወጣት በዚህ መድኃኒት ላይ ነው። አረንጓዴ ቅጠል ቫይታሚን ኬ አለው፤ ቫይታሚን ኬ የዋርፋሪንን ሥራ ያፈርሳል። ጎመን አትብላ አልልህም፤ ሐኪምህም አይልህም። ነገር ግን ሁልጊዜ ከምትበላው በላይ ድንገት አንድ ሊትር ቅጠል ከጠጣህ ደምህ ሊረጋ፣ የረጋውም ደም ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል።

ደግሞ ይህ ቅጠል የተቀነጠሰው ከየት ነው? «ከዱር» ይልሃል። የትኛው ዱር? አዲስ አበባ ውስጥ ዱር የሚባለው ብዙውን ጊዜ የወንዝ ዳር ነው፤ አቃቂ ወንዝ ደግሞ የፋብሪካውንም የቤቱንም ፍሳሽ ተሸክሞ ነው የሚወርደው። ጥሬ ቅጠል ከነአሜባው፣ ከነጃርዲያው ይመጣል። ሆድህን ሊያክም የመጣው ሆድህን አስይዞ ይሄዳል።

«ታዲያ ሁሉንም እንጣለው ነው የምትለው?»

አልልም! ከማንም በላይ ይህን አረንጓዴ እወዳለሁ። ኮንሶዎች ሽፈራውን ጓሯቸው ተክለው፣ ቅጠሉን ቀቅለው፣ ከእህል ጋር በልተው ነው በዚያ ድንጋያማ ተራራ ላይ ትውልድ ያሳደጉት። ጋሞዎች አለኮ ብለው በየዕለቱ ከማዕዳቸው አያጡትም። የደጋው ሰው ሳማን በእሳት አብስሎ እሾኹን አሸንፎ ይበላዋል። ይህ ምግብ ነው፤ ተቀቅሎ፣ ውኃው ተደፍቶ፣ ከሌላ ምግብ ጋር፣ በሳህን። በሳህን የሚበላ ሰው ሲጠግብ ያቆማል፤ በብርጭቆ የሚጠጣ ግን አሥር ሰው የሚበላውን ቅጠል በሁለት ጉንጭ ያወርዳል። ልዩነቱ ይኸው ነው። ዳማከሴህን ለጉንፋን አሽተህ አሽትተው፣ ጦስኝህን በሻይህ ጨምረው፣ ማን ከለከለህ?

መድኃኒትነት አለው ብለህ ከልብህ ካመንክበት ደግሞ ይመርመርልን። አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩትን የመሰሉ የባህል መድኃኒት የሚያጠኑ ተቋማት አዲስ አበባ ውስጥ አሉ። የአክሊሉ ለማ አገር ልጅ ነህ፤ ወንዝ ዳር ቆሞ የጠየቀ ሰው ምን እንዳገኘ ታውቃለህ።

እስከዚያው ይህን አደራ ልበልህ። የታዘዘልህን መድኃኒት ያለ ሐኪም ቃል አታቋርጥ። ለሕፃን፣ ለነፍሰ ጡርና ለሚያጠቡ እናቶች መራራ ጁስ አታጠጣ። አንተ ራስህ ጠጥተህ ከሆነ አትፈር፤ በሚቀጥለው ቀጠሮህ ቅጠሉን በወረቀት ጠቅልለህ ይዘህ ሂድና ለሐኪምህ «ይህን ያህል፣ ለዚህን ያህል ጊዜ ጠጥቻለሁ» በለው። ዓይንህ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንትህ ኮካ ከመሰለ፣ ወይም ከጠጣህ በኋላ ትውከትና ተቅማጥ አላቆም ካለህ ቀጠሮህን አትጠብቅ፤ ዛሬውኑ ሂድ።